አንድ ጣት

እኔ ጀሶ ሠራተኛ ነኝ፤ ስሜ የትም አይጻፍ፣
ሥራዬ ፋሻ በባልዲ ነክሮ እግርና እጅን ማቀፍ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአዳማ፣ ነፋሱ በማያርፍበት፣
አቧራው ከታካሚው ቀድሞ ተራ በሚይዝበት፣
ያየሁትን ላውራ፤
ከዶክተር ሲምቦ ጋራ
ስንት አጥንት እንደገጠምን፣ ስንቱ እንደቀረ ሰባራ።

መጀመሪያ ስትመጣ ማንም አላመናት፤
ክንዷ ሸምበቆ፣ ድምጿ ቀጭን፣ ቁመቷ እዚህ ድረስ ናት።
የአንድ ሾፌር ወንድም ኮሪደር ላይ ይዞ «እህቴ» አላት፣
«ሐኪሙ መቼ ይመጣል? ጠይቂልን በእናት።»
«መጥቷል» አለችው፤
ገብታም ሲኖትራክ የፈጨውን ጭን በአራት ሰዓት ገጠመችው።

አባቷ አናጢ ነበር። «የአባቴ ሥራ ነው» አለች ላቧን ጠርጋ፣
መዶሻውን በሳህን ላይ እንደ ሕፃን አስጠግታ።
«እንጨት ግን አይደማም፣
ቢቆርጡትም ‹እግሬን የት ጣላችሁት› ብሎ አያማም።»

ሌሊት ነው የአዳማ ሥራ፤ ከጅቡቲ መንገድ፣
ጫት በጉንጩ፣ እንቅልፍ በዓይኑ የሚነዳ ከባድ፤
ሠርገኛ የጫነ ባጃጅ፣ ከፎቅ የወደቀ ግንበኛ፣
ብሎኑ አልቆ፣ ጀነሬተሩም ተኝቶ እንደ በሽተኛ።
የእርሳሱን ሽርጥ ለራጁ ጨረር ከአንገት እስከ ጉልበት ለብሳ
ታነጋለች ቆማ፤ ቁርሷ ይሆናል ምሳ።

ከዚያ ቦንሳ መጣ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከወንጂ፣
ከአገዳ ተሳቢ ወድቆ ክንዱ ነው የተሰበረ እንጂ
ሌላው ደህና ነበር።
ወጌሻው አስሮታል በሸምበቆ፣ አጥብቆ፣ በፍቅር።
በአምስተኛው ቀን ጣቶቹ እንደ ከሰል ጠቁረው
አባቱ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣው፤ «ብቻ አትቁረጪው።»

ቆረጠችው።
ከክርን በላይ። የያዝኩት እኔ ነኝ። ቀላል ነው፣
የወፍ ያህል።

ሸምበቆውን አጥባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣
እሑድ ጠዋት በሚኒባስ ወንጂ ወረደች።
ተከተልኳት፣ ጠብ ቢነሳ ልገላግል ብዬ።
ኦቦ ሁንዴ፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ከቆንዶ በርበሬ ዛፍ ጥላ
የሰው ትከሻ በቅቤ ያሻሉ። «ተራሽን ጠብቂ» አሏት፤ የለም ቃል ሌላ።

ጠበቀች።
ሰዓት ተኩል፣ ከአንዲት ጎባጣ አሮጊትና ከኳስ ተጫዋች መሃል።
ተራዋ ደርሶ እጇን ስትሰጥ፣ እኔ በልቤ «አሁን ይጀመራል»።
ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አንጓዋን ዳበሱ፣
«በልጅነትሽ ተሰብሯል» አሉ፤ «ማን ነው ያሰረሽ? ጎበዝ ነው እሱ።
አላጠበቀውም።»

ያኔ ሸምበቆውን አውጥታ ጭናቸው ላይ አኖረች።
የልጁን ስም ብቻ ጠራች።
የተቃጠለ አገዳ አመድ ከማሳው እየመጣ፣ ጥቁር ጥቁሩ
ቅቤ በነካ እጃቸው ላይ አረፈ፤ አላራገፉም፣ አልተናገሩ።
ኋላ፣ «ምን ያህል ላላ ላድርገው?» አሉ።
ትንሿን ጣቷን አሳየቻቸው። «ይህቺ የምትገባ ያህል።»

ከዚያ ወዲህ ከወንጂ ሲመጣ ሰባራ
እስሩ ላላ፤ ቋጠሮው ላይ ቀይ ክር፣ የሳቸው አሻራ።
ሁሉም አይደለም። ሌላ ወጌሻ አለ፤ ሌሎች ጣቶች ጠቁረዋል፤
መጋዙ ዛሬም ይሳላል።

ባለፈው ሐምሌ ከሆስፒታሉ ደረጃ ተንሸራታ
መጣች ወደ እኔ ክፍል፤ ከባጃጅ ነጂ ቀጥሎ ተራ ጠብቃ በዝምታ።
«ይህ እጅ ከእንግዲህ መዶሻ ይይዛል?» አለች። አልመለስኩላትም።
ፋሻውን ነከርኩ፣ ጨመቅኩ፣ ጠቀለልኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አልደበቅኩላትም።

ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ብዙ ሰው አያውቅም።
ሙቀቱ ሳይወጣ የግራ እጇን ትንሿን ጣት ወደ ጠርዙ አስጠጋች፤
አስገባች።
በመስኮቱ ነፋሱ ገባ።
እስኪደርቅ ጠበቅን።